እትዬ ሽቦና ሁለት ቁጥር ተርባይን

"እትዬ ሽቦ" የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት የሚያስታውስ ሰው የለም። እኔ በኃይል ማመንጫው ስቀጠር ስሙ ከማሽኖቹ እኩል አርጅቶ ነበር። ከቱታዋ የደረት ኪስ ሁለት ሦስት የሽቦ ቁራጭ አይጠፋም። ነገሩ ያልገባት እንደሆነ አንዱን አውጥታ በጣቷ ላይ ትጠመጥመዋለች፤ ሲገባት ፈትታ ወደ ኪሷ ትመልሰዋለች። እኛ የመቆጣጠሪያ ክፍል ኦፕሬተሮች ጣቷን አይተን ቀኑ እንዴት እንደሚውል እናውቅ ነበር።

የመለኪያና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ ናት። ሥራዋ ምን እንደሆነ ለሚጠይቃት ሰው፣ "ማሽኑ አፍ የለውም። ሲያመው የሚናገርለት መለኪያው ነው። እኔ መለኪያው እንዳይዋሽ እጠብቃለሁ" ትላለች። ከዚያ በላይ አታብራራም።

ወደዚህ ሥራ የገባችው ግን በዞረ መንገድ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቷ የተቀጠረችው መጋዘን ውስጥ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ተቀብላ የምታስረክብ ጸሐፊ ሆና ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች። የጥገና ሰዎች እጃቸው በግራሶ ተለውሶ ይመጡና "እስቲ ያቺን ነገር ስጪኝ" ይሏታል። እሷም "የትኛዋን ነገር?" እያለች የዕቃውን ቁጥር፣ የመደርደሪያውን ረድፍ፣ ዕቃው የሚገባበትን ማሽን ጭምር በቃሏ ያዘችው።

ያኔ የመሣሪያ ጥገናው ኃላፊ ጋሼ ሜትር የሚባሉ ሰው ነበሩ። የኤሌክትሪክ መለኪያቸውን እንደ ማተብ ከአንገታቸው ስለማያወጡ ነው ስሙ የወጣላቸው። አንድ ቀን የሙቀት መለኪያ ዘንግ ሊወስዱ ሲመጡ የጥያቄ ወረቀቱን አየችና ዕቃውን ሳትሰጣቸው ቆመች።

"ጋሼ፣ ለዚያች ቦታ ዘንድሮ ይኼ አራተኛዎ ነው። ዘንጉ ነው የሚሞተው ወይስ የሚገድለው ነገር አለ?"

ጋሼ ሜትር ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ትተው ሄዱ። ሁለት ቀን ሲያዩ ሲመረምሩ ቆይተው፣ ዘንጉ የተተከለበት ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ቀን ከሌት ሲንቀጠቀጥ አገኙት። ዘንጉን የሚሰብረው መንቀጥቀጡ ነበር። በሦስተኛው ቀን ያለ ወረቀት መጡ።

"አንቺ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ዕቃ አወጣለሁ።"

"ዕቃውስ ይውጣ። ዕድሜሽን ነው እያወጣሽ ያለሽው።"

ከዚያ የመጋዘን ሥራዋን ሳትለቅ አራት ዓመት የማታ ትምህርት ተማረች፤ ያውም ሕፃን ልጅ ይዛ። ባሏ አናጢ ነው። ልጅቷን አዝሎ መጋዝ ሲስል ያየው ጎረቤት ሁሉ ይስቅበት ነበር፤ እሱ ግን ግድ አልሰጠውም። "ቤታችን ውስጥ ሁለት ለኪ ነው ያለው" ትላለች እትዬ፤ "እሱ በሳንቲሜትር ይጨቃጨቃል፣ እኔ በዲግሪ።" በሠላሳ ሦስት ዓመቷ የቱታዋን እጅጌ ሦስት ጊዜ ጠቅልላ ወርክሾፕ ገባች። ጋሼ ሜትር ጡረታ እስኪወጡ ከሥራቸው አልተለየችም። ያም ሆኖ "ያቺ የመጋዘኗ" የሚሏት ሰዎች ለዓመታት አልጠፉም።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው አርባ ስድስት ዓመት በሞላት ጊዜ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ወር ላይ ነው።

ሁለት ቁጥር ተርባይናችን ትሪፕ ማድረግ ጀመረ። ትሪፕ ማለት ማሽኑ አደጋ አለብኝ ብሎ ራሱን በራሱ ሲያጠፋ ነው። ተርባይኑ ጋዝ ያቃጥላል፤ የተቃጠለው ትኩስ አየር ምላጮቹን አሽከርክሮ በጭስ ማውጫው ይወጣል። እዚያ መውጫው ላይ አሥራ ስምንት የሙቀት መለኪያ ዘንጎች ክብ ሠርተው ተተክለዋል። በአንድ በኩል ያሉት ከሌሎቹ በጣም ቀዝቅዘው ከታዩ፣ ከማቃጠያዎቹ አንዱ በደንብ አይነድም ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ምላጮቹ ስለሚጎዱ ማሽኑ ሳይጠይቀን ይቆማል። በእኛም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሰባት ቁጥርና ስምንት ቁጥር ዘንጎች ይወርዱ ይወርዱና፣ ደወሉ ይጮኽና፣ ድርግም።

በአሥራ አንድ ቀን ስድስት ጊዜ ወደቀ። ሁሌም ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከተማው ኃይል በሚፈልግበት ሰዓት ነበር። የውኃ ፓምፖች ይቆማሉ፣ የትራፊክ መብራቶች ይጠፋሉ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ይቀራል። የእትዬ ሽቦ ታናሽ እህት ፀጉር ቤት አላት፤ ማሽኑ በወደቀ ቁጥር የእህቷን ስልክ ታጨናንቃለች። አንድ ቀን እትዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋው እህቷን ሁላችንም ሰማናት። "እህቴ፣ ነገ ሙሽራ የምትሆን ልጅ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች። በቀኝ በኩል ሙሽራ ናት፣ በግራ በኩል ዝናብ የመታት ድመት! ምን ልበላት?"

ዋናው መሐንዲስ ጎበዝ ሰው ነው፤ ከእትዬ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ችግሩ መቸኮሉ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ከየአቅጣጫው ስልክ እየተደወለ ይሰደብ ስለነበር አልፈርድበትም። ሁለቱን ዘንጎች አስለወጠ፤ ለውጥ የለም። ዘንጉ አዲስ ሆኖ ቅዝቃዜው ካልጠፋ፣ ቅዝቃዜው እውነት ነው ማለት ነው አለ። ስለዚህ ማቃጠያው ተዘግቷል፤ ማሽኑ ይከፈታል። አምስት ሳምንት ይፈጃል። የከተማው ሰው በፈረቃ መብራት ሊያገኝ ነው። የማሽኑን ክዳን የሚያነሣው ክሬን ሰኞ ጠዋት እንዲገባ ታዘዘ።

ይህ የተወሰነበት ስብሰባ የተደረገው ረቡዕ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። እትዬ ሽቦ ጥግ ላይ ሆና ሽቦ ትጠመጥማለች። ሁሉም ተስማምቶ ሊነሳ ሲል ጣቷን ፈታች።

"አለቃ፣ ማሽኑ ደህና ነው ባይ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዱ ሳቀ።

"በምን አወቅሽ?" አለ መሐንዲሱ።

ጉልበቷ ላይ የነበረውን አሮጌ ደብተር ከፈተች። "የዛሬ ሁለት ዓመት ማቃጠያው የምር ሲዘጋ የጻፍኩት ነው። ማሽኑ በግማሽ ጉልበት ሲሠራ የቀዘቀዘው አሥራ አንድ ቁጥር ነበር። ጉልበት ስንጨምር ቅዝቃዜው ወደ አሥራ ሁለት ሄደ፣ ከዚያ አሥራ ሦስት። ጭሱ እየተሽከረከረ ነው የሚወጣው፤ ጉልበቱ ሲለወጥ ሽክርክሪቱም ይለወጣል፣ ቅዝቃዜውም አብሮ ይዞራል። የአሁኑን ተመልከቱት። በግማሽ ጉልበት ሰባትና ስምንት፣ በሙሉ ጉልበት ሰባትና ስምንት። ንቅንቅ አላለም። እውነተኛ ቅዝቃዜ እንዲህ ወንበር ይዞ አይቀመጥም።"

መሐንዲሱ ደብተሩን ወስዶ ረጅም ጊዜ አየው። "ዘንጎቹን ግን ለውጠናል" አለ።

"ዘንጎቹን ለውጠናል። ከዘንጉ እስከ መቆጣጠሪያ ክፍል ያለውን አርባ ሜትር ኬብል ግን ማን አየው?"

"ኬብሉን ለክተነዋል እኮ፤ አልተቆረጠም።"

"አልተቆረጠም ማለት አይዋሽም ማለት አይደለም።"

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ተራ በተራ አዩና፣ "ማሽኑ ሐሙስ ማታ ይቆማል። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ያንቺ ነው። ከዚያ በኋላ የክሬኑ ነው" አሉ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ሽቦ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ መጣች። ውስጡ የእህቷ የፀጉር ማድረቂያ ነበር፤ ሮዝ ቀለም ያለው፣ እጀታው ላይ አበባ የተለጠፈበት።

"ወርክሾፕ የሙቅ አየር መሣሪያ አለን እኮ" አልኳት።

"የእኛው የኬብሉን ልባስ ያቀልጠዋል። ይኼ የሰው ጭንቅላት ሳያቀልጥ ስንት ዓመት ሠርቷል!"

ሐሳቧን አስረዳችኝ። ከዘንጉ የሚወጣው ኬብል እንደ ሌላው ኬብል ተራ መዳብ አይደለም፤ ከዘንጉ ጋር ከሚስማማ ልዩ ብረት የተሠራ ነው። ኬብሉ ትክክለኛ ከሆነ መሐሉን ብታሞቀውም ብታቀዘቅዘውም በእኔ ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥር አይነቃነቅም። የሆነ ቦታ ላይ ባዕድ ሽቦ ገብቶበት ከሆነ ግን፣ መጋጠሚያው ሲሞቅ ቁጥሩ ይሸሻል። "አንተ ቁጥሩን ብቻ አንብብልኝ" ብላ የእጅ ሬዲዮ ሰጠችኝና ወረደች።

ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ስላደረ አሥራ ስምንቱም ዘንጎች አርባ ስምንት ዲግሪ አካባቢ ያሳያሉ። መሐንዲሱ እጁን አጣምሮ ከኋላዬ ቆመ። ሥራ አስኪያጁም መጡ። በሬዲዮው የፀጉር ማድረቂያው ጩኸት ይሰማል።

"ሰባት ቁጥር፣ አንደኛ ሜትር።"

"አርባ ስምንት።"

"ሁለተኛ ሜትር።"

"አርባ ስምንት።"

እንዲህ እያልን ሰዓቱ ነጎደ። ኬብሉ በመሰላል የሚደረስበት፣ በሆድ ተሳቦ የሚታለፍበት ቦታ አለው። አንዳንዴ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ረፋድ አምስት ሰዓት ሆነ። መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ። የእኔም ልብ መክዳት ጀመረ፤ አርባ ስምንት ማለት ሰልችቶኝ ድምፄ ራሱ ቀዘቀዘ።

"አሁን የጭስ ማውጫው ግድግዳ አጠገብ ነኝ። ኬብሉ ከብረት ክዳን ጀርባ ነው፤ አየሩን በክፍተቱ አስገባለሁ። ማሞቅ ጀምሬያለሁ።"

"አርባ ስምንት" አልኩ። "አርባ... እትዬ፣ አርባ ስድስት።"

ማድረቂያው ብቻ ይጮኻል።

"አርባ አንድ። ሠላሳ አራት። እትዬ፣ እየወረደ ነው! ሃያ ሁለት!"

መሐንዲሱ ከኋላዬ ተጎንብሶ አገጩ ትከሻዬን ነካው። ቁጥሩ አሥራ አራት ገባ፣ አሥር ገባ፣ ስምንት ላይ ቆመ። እኛ ከላብ ብዛት ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተለጥፏል፤ ስክሪኑ ግን ጭስ ማውጫው ውስጥ ስምንት ዲግሪ ነው ይለናል።

"ስምንት ዲግሪ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ካፖርት ይዛችሁ ኑ" አለች በሬዲዮው።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አሉ። መሐንዲሱ ግን ሬዲዮውን ከእጄ ወሰደ። "እትዬ፣ ክዳኑን እንዳትከፍቺው። መጀመሪያ የስድስት ቁጥሩን ኬብል እዚያው ቦታ ላይ አሙቂው።" ልክ ነው፤ ነገሩ አጋጣሚ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነበር። አሞቀችው፤ ስድስት ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ስምንት ቁጥርን አሞቀች፤ እንደ ሰባት ቁጥር ወረደ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ ስትመጣ ዘልላው ወዳለፈችው የክዳኑ ሌላ ክፍተት አንድ ሜትር ያህል ተመልሳ ሰባት ቁጥርን እንደገና አሞቀች። አሁን ደግሞ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፤ ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ።

"በዚህ ጫፍ ሲሞቅ ይወርዳል፣ በዚያኛው ጫፍ ሲሞቅ ይወጣል" አለ መሐንዲሱ ለራሱ። "መሐል ላይ አንድ ሜትር ባዕድ ሽቦ አለ።" ሄልሜቱን አንስቶ በደረጃው ሮጠ፤ እኔም ተረኛውን ቦታዬ ላይ አስቀምጬ ተከተልኩት።

ክዳኑ ተከፈተ። ሙቀት መከላከያ ልባሱ ሲገፈፍ ተራ የሆኑ አራት የመዳብ ሽቦዎች ወጡ፤ ባማረ ሁኔታ የተበየዱ፣ ባማረ ሁኔታ በቴፕ የተጠቀለሉ። የብረት ማሰሪያ የሁለቱን ዘንጎች ኬብል ቆንጥጦ ጎድቶት ኖሮ፣ የተጎዳውን አንድ ሜትር ቆርጦ አውጥቶ በመዳብ የቀጠለው ሰው አለ። ማሽኑ ሲሞቅ የሽቦው አንዱ ጫፍ ይግላል፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ይላል፤ ልዩነታቸው ከትክክለኛው ቁጥር ላይ ይቀነሳል። እዚያ ቦታ ላይ ይነፍስ የነበረው የማቀዝቀዣ ፋን ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ለጥገና ተነሥቶ ነበር። ልዩነቱ አድጎ ማሽኑን መጣል የጀመረው ያኔ ነው።

ሁላችንም ሽቦውን ስናይ ከኋላችን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጭኔ ነበር፤ የወርክሾፑ ረጅሙ ቴክኒሻን፣ የእትዬ ሽቦ የሥራ ባልደረባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እኔ ነኝ" አለ። "አምና በትልቁ ጥገና ጊዜ ነው የቀጠልኩት። ለጊዜው ብዬ ነበር... ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፣ ረሳሁት።"

ሥራ አስኪያጁ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እትዬ ሽቦ ቀደመች። ከመሰላሉ ላይ አልወረደችም፤ ፀጉሯ ላይ አቧራ፣ እጇ ላይ ሮዝ ማድረቂያ።

"አለቃ፣ ይኼ ልጅ ትክክለኛውን ኬብል ሦስት ጊዜ በወረቀት ጠይቋል። ሦስቴም 'የለም' ተብሎ ነው የተመለሰለት፤ ወረቀቶቹን ትናንት አይቻቸዋለሁ። ሥራው አልቋል ብዬ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ማሽኑ ቀዝቃዛ ሳለ ነበር የፈተሽነው፤ ቀዝቃዛ ሲሆን መዳቡም አይዋሽም። ተጠያቂ ሲጻፍ ስሜ ከስሙ በላይ ይሁን።"

ሥራ አስኪያጁ "የስም ዝርዝር ሌላ ቀን" አሉ። "አሁን ኬብሉ ከየት ይመጣል?"

ጥያቄው ሁላችንንም ወደ ሥራው መለሰን። የመጋዘኑ ኃላፊ ተጠራ፤ ኮምፒውተሩን አይቶ "የለም" አለ። ከውጭ ቢታዘዝ ሁለት ወር ነው። እትዬ ሽቦ ኪሷን ዳበሰች፣ ሽቦ አወጣች፣ ግን ሳትጠመጥመው ከመሰላሉ ወረደች።

"ተከተለኝ" አለችው ቀጭኔን።

መጋዘን ገብታ ቀጥ ብላ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄደች፤ ታችኛው መደርደሪያ ፊት ተንበረከከች። ከአሮጌ ካርቶኖች ጀርባ አንድ ጥቅል ኬብል ጎትታ አወጣች። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት "የስልክ ሽቦ" ይላል። ጫፉን በቢላዋ ላጠችና ማግኔት አስጠጋችበት። ማግኔቱ አንዱን ሽቦ ያዘ፣ ሌላውን ተወ።

"መዳብ በማግኔት አይያዝም" አለች። "ይኼ እኔ እዚህ ሳለሁ የተቀበልኩት ዕቃ ነው። በመዝጋቢው ጥፋት ስሙ ተለውጦ ይኸውና ዕድሜውን ሙሉ ስልክ ሆኖ ኖረ።"

የመጋዘኑ ኃላፊ ወረቀቱን ልጦ ኪሱ ከተተው።

ያን ከሰዓት በኋላ ቀጭኔ ራሱ በእሷ ፊት ኬብሉን ዘረጋ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በፀጉር ማድረቂያው አሞቀችው፤ እኔም ቁጥሩን አነበብኩ። አልተነቃነቀም። ፋኑም ተመልሶ ተተከለ።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው የሞላበት መቆጣጠሪያ ክፍል አይቼ አላውቅም፤ ተረኛ ያልሆኑት ሁሉ መጥተዋል። ስድስት ሰዓት ላይ ግማሽ ጉልበት። ሰባት ሰዓት ላይ ሦስት አራተኛ። ስምንት ሰዓት ላይ ሙሉ ጉልበት ሰጠሁት። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ዘንግ መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ሰሞን ከሰባ ዲግሪ ያልፍ ነበር። አሁን አሥራ ሦስት ይላል። አሥራ ሦስት። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አሥር ሰዓት ሆነ። ማሽኑ ያው ወፍራም ዜማውን እያንጎራጎረ ነው። አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጭኔ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ላብ ነው አለ።

መሐንዲሱ ሰው መሐል አልፎ ፊቷ ቆመ። ድምፁን አልቀነሰም፤ ሁሉም እንዲሰማው ፈልጎ ነው።

"እትዬ፣ ሰኞ ልከፍተው ነበር።"

"ከፍተህ ደህና ሆኖ ብታገኘው ምን ልትለው ነበር?"

"ይቅርታ ነዋ።"

"እኮ፤ የጤነኛ ሰው ሆድ ቀዶ ይቅርታ!" አለች። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው።

ክሬኑ ሰኞ መጥቶ ከበር ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጋሼ ሜትር ይዘውት የነበረው የወርክሾፕ ኃላፊነት ለእሷ ተሰጠ፤ ደብዳቤውን ያረቀቀው መሐንዲሱ ራሱ ነው። ዛሬ በእኛ ዘንድ ከትልቅ ጥገና በኋላ የሙቀት መለኪያ ኬብል ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሞቀ ይፈተሻል። ሌሎች ሁለት ማመንጫዎችም ሰው ልከው ተምረው ሄደዋል። አስተማሪዋ እሷ ናት፤ ቀጭኔ ደግሞ የት ቦታ ላይ እንዴት እንደተሳሳተ ራሱ ቆሞ ያስረዳል፣ አንድም ነገር አይደብቅም።

የዚያን ቅዳሜ ሥራ አስኪያጁ በመኪና ላድርስሽ ብለዋት ነበር። እምቢ ብላ በአውቶቡስ ሄደች። ሰኞ ስትመጣ የነገረችን ነው፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ መንገዱ ላይ የሱቆቹ መብራት ሁሉ በርቶ እያየች፣ ሁለተኛው ፌርማታ ሳይደርስ እንቅልፍ ጣላት። ሹፌሩ ትከሻዋን ነክቶ ቀሰቀሳት።

"እናቴ፣ መጨረሻው ነው። የት ነበር የሚወርዱት?"

"ከስድስት ፌርማታ በፊት" አለችው።

ወርዳ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ ተመለሰች። እግሯን ግን ጨርሶ አልደከማትም፤ ያውም እየሳቀች ነው የተመለሰችው።